የቆየው መኪናና ቅጂው

የቆየ መኪና የሚወድ ሰው ዞሮ ዞሮ ከሁለት አንዱን ይመርጣል። አንደኛው በዘመኑ፣ በራሱ ፋብሪካ ተሠርቶ እስከ ዛሬ የደረሰ እውነተኛ መኪና ነው። ሁለተኛው የዚያኑ መኪና መልክ ይዞ ከዓመታት በኋላ በሌላ እጅ የተሠራ ቅጂ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቆሙ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ላይለያቸው ይችላል። በዋጋ፣ በጥገና፣ በሕግ ፊት ባላቸው ቦታና በታሪካቸው ግን በእጅጉ ይራራቃሉ። ምርጫው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በስፖርት መኪና ላይ ነው፤ የድሮዎቹ ውብ የስፖርት መኪናዎች በጥቂት ቁጥር ተሠርተው የቀሩ ሲሆኑ ፈላጊያቸው ግን ከዓመት ዓመት በዝቷል።

ከባሕር ዳር ተነስቶ በሐሙሲት በኩል ወረታ የሚደርሰው 60 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የስፖርት መኪና የሚታይበት አይደለም። መንገዱ የአይሱዙ፣ የሚኒባስና የባጃጅ ነው፤ የፎገራ ሩዝና ሽንኩርት፣ ከብትና ተሳፋሪ ይመላለስበታል። ሆኖም በዓለም ላይ ከተሠሩት የስፖርት መኪና ቅጂዎች እጅግ ብዙዎቹ የቆሙት ኢትዮጵያውያን ከአያቶቻቸው ዘመን ጀምሮ በሚያውቁት መኪና ወለል ላይ ነው። መኪናው ቮልስ ነው። ስለ ኦሪጅናልና ስለ ቅጂ የሚነሳው ጥያቄ እንግዲህ ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም፤ በየግቢው ቆሞ የሚታየውን ቮልስ በቀጥታ ይመለከታል።

ቮልስ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በመሐንዲሱ በፈርዲናንድ ፖርሽ የተነደፈ መኪና ነው። የመጨረሻው ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣው በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ሲሆን እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ለቅጂ ሠሪዎች የተመቸው ግን ብዛቱ ብቻ ሳይሆን አሠራሩ ነው። ወለሉ ራሱ ሻንሲ ነው፤ መሐሉን የሚያቋርጠው ወፍራም ቱቦ መሰል አካል ጥንካሬውን ይሰጠዋል። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ መሪው፣ ፍሬኑና እግሮቹ ሁሉ የታሰሩት ከወለሉ ጋር ነው። ላዩ፣ ማለትም በሩ፣ ጣሪያውና መከላከያው ያለበት የላሜራ አካል፣ በወለሉ ጠርዝ ዙሪያ በብሎን ይታሰራል። ብሎኖቹ ሲፈቱ አካሉ ተነስቶ ይወጣል፤ ከሥር የቀረው ወለል ሞተርና መሪ ስላለው ብቻውን እንኳ ሊነዳ ይችላል። ሞተሩ በነፋስ ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም፤ የሚያፈስ የውኃ ቱቦም የለም። በዚህ ወለል ላይ ማንም የፈለገውን መልክ ሊያስቀምጥ ይችላል ማለት ነው።

በዚህ ወለል ላይ በብዛት ከተቀዱት መልኮች አንዱ የፖርሽ 356 ነው። ይህን መኪና የሠራው የፈርዲናንድ ልጅ ፈሪ ፖርሽ ሲሆን፣ የመጀመሪያው በ1948 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያ፣ ግሙንድ በምትባል ትንሽ ከተማ የተሠራው ከቮልስ በተወሰዱ ዕቃዎች ነበር። በ1954 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማክስ ሆፍማን የተባለው የአሜሪካ አስመጪ ረከስ ያለና ጌጥ ያልበዛበት ይሁን ብሎ በመወትወቱ ስፒድስተር የተባለው ጣሪያ አልባ ዓይነት ወጣ። በርካሽነቱ ታስቦ የተሠራው ይህ መኪና ዛሬ በጨረታ በመቶ ሺዎች ዶላር ይሸጣል። ስለዚህ ቅጂ ሠሪዎች አሮጌ ቮልስ ገዝተው አካሉን አንስተው ይጥሉታል፤ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት በቮልስ 2 ሜትር ከ40፣ በ356 ደግሞ 2 ሜትር ከ10 በመሆኑ ወለሉን መሐሉ ላይ ቆርጠው 30 ሴንቲ ሜትር ያሳጥሩታል፤ ከዚያ በኋላ ከፋይበር ግላስ የተሠራ የስፒድስተር አካል ያለብሱታል። ውጤቱ መልኩ ፖርሽ፣ ሞተሩና አካሄዱ ቮልስ የሆነ መኪና ነው። ከሌሎች ቅጂዎች የሚለየው አንድ ነገር አለ፦ ኦሪጅናሉም ቢሆን ከቮልስ የተወለደ በመሆኑ ቅጂው ከራሱ ዘር ውጭ አልሄደም። ከቅጂዎች ሁሉ ለኦሪጅናሉ መንፈስ የሚቀርበውም ይህ ነው።

በሌላ በኩል ያለው ምሳሌ ኮብራ ነው። አሜሪካዊው የውድድር ነጂ ካሮል ሼልቢ በ1962 እ.ኤ.አ. ኤሲ ከሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ቀላል የሆነ አካል ወስዶ የፎርድ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ገጠመበት። በዘመኑ የተሠሩት አንድ ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩት ቅጂዎች ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ይሆናሉ። መንገድ ላይ የሚታይ ኮብራ ሁሉ ማለት ይቻላል ቅጂ ነው። የሚያስገርመው፣ ጥሩ ሆኖ የተገጣጠመ የኮብራ ቅጂ ከኦሪጅናሉ የተሻለ ፍሬንና የጠነከረ ሻንሲ ሊኖረው መቻሉ ነው። ስለዚህ ቅጂ ማለት የወረደ ዕቃ ማለት አይደለም፤ ጥራቱ የሚወሰነው በገጣጠመው እጅ ነው። አንዱ ቅጂ በሠለጠነ ወርክሾፕ ተሠርቶ ለ20 ዓመት ያለ ችግር ይነዳል፤ ሌላው ከተመሳሳይ የመገጣጠሚያ ዕቃ (ኪት) በጓሮ ተገጣጥሞ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይሰነጠቃል።

ታዲያ ኦሪጅናልን ኦሪጅናል የሚያደርገው ምንድን ነው? ለዚህ ደቡብ ጎንደር የራሱ ምስክር አለው። ከወረታ ወደ ምሥራቅ በቻይና መንገድ ሲወጣ ደብረ ታቦር ይደረሳል፤ አጠገቡ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን የሚገመት መድፍ ያስቀለጡት እዚያ ነው። መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አለ። በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው የእርሱ ቅጂ ነው። የአዲስ አበባው መድፍ በየቀኑ በብዙ ሺህ ሰው ይታያል፤ ቅርጹንና ግዝፈቱን ያስተምራል፤ ወደ መቅደላ ሊወጣ ላልቻለ ሰው ባለውለታ ነው። በጋፋት እሳት ያለፈው፣ በገመድ ተጎትቶ ተራራ የወጣው ብረት ግን አንድ ብቻ ነው። ሁለቱም ተገቢ ቦታ አላቸው፤ ጥፋት የሚሆነው ቅጂው በኦሪጅናሉ ስም ሲጠራ ብቻ ነው።

በመኪናም እንዲሁ ነው። የመኪና ማንነት የሚያዘው በሦስት ነገር ነው፦ በሻንሲው ላይ በተመታው ቁጥር፣ በሞተሩ ላይ በተመታው ቁጥርና እነዚህን ከፋብሪካ መዝገብ ጋር በሚያገናኘው ወረቀት። ሦስቱ ሲገጥሙ መኪናው ፋብሪካውን ለቅቆ ሲወጣ የነበረው መሆኑ ይረጋገጣል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ቀለሙ መታደሱ፣ ወንበሩ እንደገና መሰፋቱ፣ ጎማና ካንዴላ መለወጡ ኦሪጅናልነቱን አያሳጣውም፤ እነዚህ ለመለወጥ የተሠሩ ናቸው። የቆዩ መኪናዎች ማኅበራትን በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው ፊቫም አንድን መኪና ታሪካዊ ለማለት ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ ከታሪኩ ጋር በሚስማማ ሁኔታ የተያዘና ለዕለት መጓጓዣ የማይውል መሆኑን ይጠይቃል። የመጨረሻው ነጥብ ለኢትዮጵያ አይስማማም። እዚህ 50 ዓመት የሞላው ቮልስ ዛሬም ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ከገበያ እህል ይጭናል። ይህ ታሪካዊነቱን ይጨምርለታል እንጂ አይቀንስበትም።

ድንበሩን የሚያደበዝዙ መኪናዎችም አሉ። በ1963 እ.ኤ.አ. የጃጓር ኩባንያ ኢ-ታይፕ ከተባለው መኪናው ቀለል ያሉ 18 የውድድር መኪናዎች ለመሥራት ቁጥር መድቦ 12ቱን ብቻ ሠራ። በ2014 እ.ኤ.አ. የቀሩትን 6 ቁጥሮች ከመዝገብ አውጥቶ በራሱ ባለሙያዎች ጨረሳቸው። ፋብሪካው የራሱ፣ ቁጥሩ የዘመኑ፣ ብረቱ ግን አዲስ ነው። ስለዚህ ከኦሪጅናሎቹ ጋር አንድ ናቸው ማለት አይቻልም፤ ተራ ቅጂ ማለትም አግባብ አይሆንም። ከዚህ ይልቅ የሚያረካው ሦስተኛ መንገድ ሥራው ሳይቋረጥ የቀጠለ የቆየ ዓይነት መኪና ነው። የእንግሊዙ ሞርጋን ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለ አራት ጎማ የስፖርት መኪና እየሠራ ነው፤ የአካሉን አጥንት እስከ ዛሬ በእጅ ከእንጨት ያዘጋጃል። ሎተስ ሰቨን የተባለችው ቀላል መኪናም በ1957 እ.ኤ.አ. ተጀምራ ሎተስ ሲያቆም ኬተርሃም በ1973 እ.ኤ.አ. መብቱን ገዝቶ ቀጠለባት። እነዚህን የሚገዛ ሰው አዲስ መኪና ይገዛል፤ ነገር ግን የማንንም መልክ አልተዋሰም።

ወደ ተግባር ሲመጣ የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው። በቮልስ የሻንሲው ቁጥር የሚገኘው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በመሐሉ ቱቦ ላይ ተመትቶ ነው። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው መቆሚያ ግርጌ በሞተሩ አካል ላይ ይነበባል። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም በብየዳ ተሸፍኖ ከተገኘ ግዢው ሊቆም ይገባል። በወለሉ መሐል ወይም ከፊት ወንበሮች ሥር በአግድም የሚያልፍ የብየዳ መስመር ካለ ወለሉ ተቆርጦ አጥሯል ወይም ከሁለት መኪና ተቀጥሏል ማለት ነው። ላዩ ላሜራ ይሁን ፋይበር ግላስ ወይም ስቱኮ በትንሽ ማግኔት ይታወቃል፤ ማግኔት ላሜራ ላይ ይጣበቃል፣ በወፍራም ስቱኮና በፋይበር ግላስ ላይ ግን አይዝም። ማግኔቱ አንድ በር ላይ ተጣብቆ ሌላው ላይ የማይዝ ከሆነ መኪናው ተጋጭቶ በስቱኮ ተሞልቷል።

ቀጥሎ የሚመረመረው ዝገት ነው። በፎገራ ሜዳ ይህ ከሌላው አካባቢ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። በሐምሌና በነሐሴ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ውኃ ይይዛል፤ ጥቁሩ አፈር ደግሞ ከመኪናው ሥር ተለጥፎ እርጥበቱን ለሳምንታት ይዞ ይቆያል። ቮልስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላው በሁለት ቦታ ነው። አንዱ ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ፣ ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል ነው፤ የባትሪው አሲድና እርጥበቱ ተባብረው ብረቱን ይቀድዱታል። ሌላው ከበሮቹ ግርጌ በግራና በቀኝ የሚያልፈው፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያመጣው ቦይ ነው። ይህ ቦይ ከሙቀት ማመላለሻነቱ በላይ የአካሉ ምሰሶ ነው፤ ከበሰበሰ በሩ ሲዘጋ ይወላገዳል። የፋይበር ግላስ አካል በዚህ ረገድ ብልጫ አለው፤ አይዝግም። ሥሩ ያለው ወለል ግን ያው የቮልስ ብረት ነው፣ ይዝጋል፤ ላዩ እያማረ ሥሩ የበሰበሰ ቅጂ መግዛት ቀላል ነው።

ጥገናውም ይለያያል። የታጠፈ ላሜራ ወረታም ሆነ ደብረ ታቦር ያለ ጎበዝ ባትላሜራ መዶሻና ብየዳ ይዞ ያቀናዋል። ፋይበር ግላስ አይቀጠቀጥም፤ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ የሚጠገነውም ልዩ ማጣበቂያና ጨርቅ አስገኝቶ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ነው። የሞተር ዕቃ ግን ለሁለቱም አንድ ነው፤ የቮልስ አሮጌ ዕቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፣ ቮልስ ሲፈታና ሲገጥም ያደገ መካኒክም ገና አልጠፋም። የእውነተኛ 356 ወይም የሌላ የውጭ ስፖርት መኪና ዕቃ ከተሰበረ ግን ከባሕር ማዶ ታዝዞ፣ በውጭ ምንዛሪ ተከፍሎ፣ ወራት ተጠብቆ ይመጣል። ከሙሉ ዋጋው ይልቅ ይህ የባለቤትን ጉልበት ይጨርሳል።

ከፍታውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። 34 የፈረስ ጉልበት ያለው የቮልስ 1200 ሞተር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ደብረ ታቦር ሲወጣ የሚቀረው ወደ 25 ገደማ ነው። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር አየሩ ሲሳሳ ሙቀቱን የሚያስወግድበትም ይቀንስበታል፤ ስለዚህ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሳይጣደፍ መውጣት አለበት። ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ የባሰ ፈተና ነው። አሮጌዎቹ ቮልሶች ፍሬናቸው በአንድ የዘይት መስመር ብቻ የሚሠራ በመሆኑ አንድ ቧንቧ ቢቀደድ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ቅጂ ሠሪዎች ብዙ ጊዜ ይህን ወደ ሁለት መስመር ይለውጡታል፤ ኦሪጅናሉን የያዘ ሰውም ይህን አንድ ነገር ቢለውጥ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ነገር ግን ጣሪያው የተነሳ ቅጂ ሌላ ድክመት አለው፦ ጣሪያ ለአካሉ ጥንካሬ ይሰጥ ነበር። ፋብሪካው ራሱ ጣሪያ አልባ ቮልስ ሲያሠራ የጎኑን ምሰሶ አጠናክሮ ነው። ይህ ያልተደረገለት ቅጂ በኮረኮንች መንገድ ይጠመዘዛል።

በኢትዮጵያ ሕጉ ምርጫውን ራሱ አጥብቦታል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በሻንሲና በሞተር ቁጥሩ እንዲመዘገብ ያደርጋል፤ በሊብሬው ላይ የሰፈረውና በመኪናው ላይ ያለው ካልተስማሙ ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ ማግኘት አይቻልም። አካሉ ተነስቶ ሌላ መልክ የለበሰ ቮልስ በሊብሬው ላይ ከተጻፈው የተለየ መኪና ሆኗል፤ ለውጡ ከመደረጉ በፊት የመዝጋቢውን አካል ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከዕድሜያቸው ጋር የሚጨምር ከባድ ቀረጥ ጣለ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ከውጭ ስፒድስተር፣ ኮብራ ወይም ቅጂያቸውን አስመጥቶ ለመንዳት ማሰብ ዛሬ የማይሆን ነገር ነው። ለኢትዮጵያዊ የቀረው የቆየ መኪና አስቀድሞ አገር ውስጥ የገባው ነው፤ የቅጂ መሠረት ሊሆን የሚችለውም ያው ነው። አንድ ቅጂ ለመሥራት አንድ ኦሪጅናል ቮልስ መፍረስ አለበት ማለት ነው።

አዲስ የሚገባው መልክ የኤሌክትሪክ ነው። ግሬት ዎል የተባለው የቻይና ኩባንያ በ2021 እ.ኤ.አ. በሻንጋይ ትርኢት ላይ ኦራ በሚለው ስም የቮልስን መልክ የያዘ ባለ አራት በር የኤሌክትሪክ መኪና አሳይቷል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በቻይና የተሠሩ የቮልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪናዎችም በብዛት ይታያሉ፤ እነርሱ የፋብሪካው ልጆች ቢሆኑም መልካቸው ከድሮው ጋር አይገናኝም። ወደፊት የቆየ መልክ ያለው አዲስ መኪና የሚመኝ ሰው የሚያገኘው እንዲህ ያለውን ነው፤ ከቤንዚን ቅጂ ይልቅም ይሻለዋል።

ምርጫው በመጨረሻ የሚወሰነው መኪናው ለምን እንደተፈለገ ነው። ኦሪጅናል የስፖርት መኪና ለታሪክ ጠባቂና ዕቃውን ጠብቆ ለመቆየት ገንዘብና ጊዜ ላለው ሰው ነው፤ በየቀኑ ለመንዳት አይደለም። በጥንቃቄ የተገጣጠመ ቅጂ በውጭ አገር ለሚኖር፣ መንዳቱን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው፤ ሲሸጠው ቅጂ ብሎ እስከሸጠው ድረስ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። አገር ውስጥ ላለ ሰው ግን ፍርዱ የተለየ ነው። ቮልሶችን ፋብሪካው ከእንግዲህ አይሠራቸውም፤ ሕጉም ከውጭ አያስገባቸውም፤ በየዓመቱ በዝገትና በአደጋ የሚጠፉት የሚተኩ አይደሉም። ቁጥሩ የተሟላና ወለሉ ያልበሰበሰ ቮልስ የያዘ ባለቤት የሌላ መኪና መልክ ለማልበስ ብሎ አይቁረጠው፤ የባትሪውን ሥር ያጽዳ፣ ክረምት ሲገባ ከእርጥብ መሬት ያንሳው፣ ሊብሬውንም በጥንቃቄ ያስቀምጥ።